የአባቴ ስም በሽፋኑ ላይ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? ደረጃ ሲወጡ የሚያስቸግርዎት ቀኙ ይሁን ግራው እስካሁን አልገባኝም፤ እማዬ በስልክ አንዴ ይኸኛው አንዴ ያኛው ትለኛለች። መነጽርዎስ ተሠራ ወይስ አሁንም ጆሮዎ ላይ በክር ያስሩታል? እማዬ ደህና ናት? ትንሹ ወንድሜ ፈተናውን በሰላም ጨረሰ? አክስቴ ዛሬም ሬዲዮ ስትሰማ ከዜና አንባቢው ጋር ትከራከራለች? እኔ ከእናንተ ናፍቆትና ሰሞኑን ከያዘኝ አንድ ንዴት በቀር ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም። ንዴቱን ከታች እደርስበታለሁ። ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ነገር አይገባም ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና፣ እነሆ ጨርሻለሁ።

በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ገና «አባዬ» ስል ስልኩን ለእማዬ አቀበሏት። እሷም የምትለው ቢጠፋት ስለ ጎረቤት ድመት አወራችኝ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። እርስዎ የተማሪ ድርሰት የቱንም ያህል ቢያናድድዎ ከግማሽ አቋርጠው አያውቁም፤ ይህንንም ቀይ እስክሪብቶዎን ይዘውም ቢሆን እስከ መጨረሻው እንደሚያነቡት አውቃለሁ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት የሥራ ቦታዬ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። «ለቁም ነገር ያስተማርኳት ልጅ የጊዜ ማሳለፊያ ልብወለድ ጸሐፊ ሆነች መባሉ ሳያንስ፣ ስሜ ደግሞ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ከንፈሯን ቀይ ከተቀባች ሴት ጋር ይጻፍ?» ብለዋል። የድሮ ተማሪዎ በሚመራው መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ቋሚ ቦታ እንደተገኘልኝና ወሩ ሳያልቅ መጥቼ እንድይዘው አዘዋል። መጨረሻ ላይ፣ ከሌላው ሁሉ ፊደሉን አሳንሰው፣ «ስሜ በዚያ ሽፋን ላይ ካረፈ ደጄን እንዳትረግጪ» ብለው ጽፈዋል። ደነገጥኩ። ድንጋጤው ግን ብዙም አልቆየም፤ ከሥሩ ንዴት ነበረበት።

በመጀመሪያ ስለ «ጊዜ ማሳለፊያ» ልናገር። እማዬ እግሯ ተሰብሮ አንድ ክረምት ሙሉ የተኛችበትን ጊዜ ያስታውሳሉ? ያ ጀሶ እስከ ጭኗ ድረስ፣ እሷ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማታውቅ ሴት። ያኔ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሽፋናቸው የተገነጠለ ልብወለዶች በዘንቢል እያመጣች ትሰጣት ነበር። እማዬ ታነባለች፤ እያነበበች ማሳከኩን ትረሳለች፤ እኛም እፎይ እንላለን። እርስዎስ? ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ኮትዎን ሳያወልቁ ከበሩ ላይ ቆመው «ዶክተሩ አገባት?» ይሏት ነበር። «ገና ነው፤ እናቱ እንቢ አለች» ስትልዎ «ምን አባቷ አገባት!» ብለው በማያውቋት ሴትዮ ሲናደዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ክረምት ማንም ሰው ያ መጽሐፍ ቁም ነገር ነው አይደለም ብሎ አልጠየቀም። የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሽፋኑ ተገንጥሏል። ቢታወቅ ግን ቤቱ ድረስ ሄጄ አመሰግነው ነበር ያሉት እማዬ ሳትሆን እርስዎ ነዎት።

አሁን ደግሞ የምሠራበትን ቤት ላሳይዎት። ከአንድ ቁልፍ ቀራጭ ሱቅ በላይ ያለ ባለ ሦስት ክፍል ፎቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከታች የብረት ፉጨት ይሰማል። በመጀመሪያው ክፍል ያልተሸጡ መጻሕፍት እስከ መስኮቱ አጋማሽ ስለተደረደሩ ብርሃን የሚገባው ከላይ በኩል ብቻ ነው። በሁለተኛው ገጽ የምታቀናጅልን ሴትዮ ትቀመጣለች። ከኅዳጉ አንዲት ፊደል እንኳ እንድታልፍ ስለማትፈቅድ «እትዬ ኅዳግ» እንላታለን፤ ቅጽል ስሟን ወዳዋለች መሰለኝ ስንጠራት አቤት ትላለች። በሦስተኛው አሳታሚው አለ። ይህ ሰው ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ስልክ እየተራመደ ያወራል፣ «ደህና አደርሽ»ን ሳይጨርስ «ምዕራፉስ?» ይላል። ከኋላው ስሙ «አቶ ቶሎ» ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ሁልጊዜ አውቶቡስ ሊያመልጠው የደረሰ ይመስለዋል።

ከዚህ ቤት በሚወጡ መጻሕፍት ሁሉ ሽፋን ላይ ያለው የአንዲት ሴት ስም ነው። ሴትየዋ የለችም። አቶ ቶሎ የፈጠራት ናት። እኛ እርስ በርሳችን «እሜቴ» እንላታለን። እሜቴ ማለት አንድ ጡረታ የወጣ የሬዲዮ ድራማ ጸሐፊ፣ ከፈረቃዋ ስታርፍ የምትጽፍ አንዲት ነርስና እኔ ነን። ከጀርባ ያለው ፎቶ የአቶ ቶሎ ሚስት እህት በወጣትነቷ የተነሳችው ነው፤ መንገድ ላይ ሰው አፍጥጦ ባያት ቁጥር ባሏ ጠብ ያነሳል አሉ። አንድ ጡረተኛ ፖሊስ ለእሜቴ በየጊዜው የጋብቻ ጥያቄ ይልካል። መልስ የሚጽፍለት ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰው የሬዲዮው ሰውዬ ነው፤ «ክቡር ሆይ፣ ልቤ በሌላ ተይዟል» ይለዋል በጨዋ ቋንቋ። ፖሊሱም «ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ» ብሎ ይመልሳል።

ይህ ያስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ፤ ሁለት መጽሐፍም በእሜቴ ስም ጽፌያለሁ። ሳቁ የቆመብኝ በሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ አቶ ቶሎ ተቻኮለና አንዱን መጽሐፍ ለሁለት ሰው አካፈለው። ነርሷ መሀሉ ላይ በመኪና አደጋ የገደለችውን ሰው፣ የሬዲዮው ሰውዬ መጨረሻው ላይ በሙሉ ጤናው ድሮት ቁጭ አለ። እንዲሁ ታትሞ ወጣ። አንባቢዎች ደወሉ፣ ተቆጡ፤ አንዷ «አልቅሼ ቀብሬው እኮ ነበር» አለች። ማን ይጠየቅ? ነርሷ «እሜቴን ጠይቋት» አለች። የሬዲዮው ሰውዬም «እሜቴ አርጅታለች፣ ትረሳለች» አለ። አቶ ቶሎ «ሠርጉ ያምራል፣ ተዉት በቃ» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። ያን ቀን ማንም አላፈረም። የሚያፍር ሰው ስላልነበረ ነው።

ያኔ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ክፍል ውስጥ ወረቀት ሲሰበስቡ «ስም ያልተጻፈበት ወረቀት አላርምም» ይሉ ነበር። አንድ ልጅ ስሙን ሳይጽፍ ሰጥቶ «ጋሼ፣ በእጅ ጽሑፌ ያውቁኛል ብዬ ነው» ቢልዎ፣ «እኔስ አውቄሃለሁ፤ አንተ ግን ስህተትህን የምትደብቅበት ጓሮ እየፈለግህ ነው» አሉት። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር፤ አባቴ ስለነበሩ ኮራሁ። አባዬ፣ ስሜ ይጻፍ ማለቴ ሌላ ምንም አይደለም፤ ከዚያ ክፍል ይዤው የወጣሁት ነገር ነው። መጽሐፌ ቢያምር ምስጋናው ለእኔ፣ ቢበላሽ ወቀሳው ለእኔ። ይህ ካስከፋዎት ተማሪዋን ትተው አስተማሪውን ይውቀሱ።

የምለው መጽሐፍ ሦስተኛዬ ነው፤ «ሁለት ወንበር በመስኮት በኩል» ይባላል። አንዲት የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ አለች። በየማለዳው አንድ ሰው ይሳፈርና ሁለት ትኬት ገዝቶ ብቻውን ይቀመጣል። አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር ለማንም አይለቅም፤ ለአሮጊት እንኳ ራሱ ተነስቶ የራሱን ይሰጣል እንጂ ያንን አይነካም። ተሳፋሪው ያማል፣ ሾፌሩ ይቀልዳል፣ እሷ ግን አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ትቀመጥበታለች። ለምን ሁለት ትኬት እንደሚገዛ እዚህ አልነግርዎትም። የእኔ ሥራ እርስዎን ገጽ ማስገለጥ ነው፤ እሱም ቀላል ከመሰለዎት ክረምቱን ሙሉ ይሞክሩት። አንዱን ምዕራፍ እንደ ሹራብ ተርትሬ እንደገና ሠርቼዋለሁ፤ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ፣ አንድ እጁ ብረቱን ይዞ፣ በሌላው የሚያነበው ዓረፍተ ነገር እንዲሆን። ረጅም ከሆነ አውቶቡሱ ሲነቀነቅ ይጠፋዋል።

ጽሑፉን ይዤ አቶ ቶሎ ዘንድ ገባሁና በስሜ ካልወጣ አልሰጥም አልኩት። መጀመሪያ የሚቀመጥበት ወንበር ፈለገ፤ ሲቀመጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «አንቺን ማን ያውቅሻል? እሜቴን አገር ያውቃታል» አለኝ። «እሜቴ የለችም እኮ» አልኩት። «አለመኖሯ ነው ጥሩነቷ። አትታመም፣ አትኮራ፣ እንዲህ መጥታ አትሟገተኝ» አለ። ጽሑፌን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ዚፑን ዘጋሁ። ዚፑ መሀሉ ላይ የመያዝ አመል ስላለው ስታገል ቆየሁና፣ እሱም መጠበቅ ስለማይችል «እሺ፣ እሺ፣ ይሁንልሽ፤ ቶሎ አምጪው» አለ። ለእማዬ እየዘለልኩ የደወልኩላት ያን ዕለት ነው። የእርስዎ ደብዳቤ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ደብዳቤዎን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አቶ ቶሎ ሲወጣ አገኘኝ። «ማን ሞተ?» አለ። «ማንም አልሞተም፤ አባቴ ስማቸው እንዳይጻፍ ብለው ነው» አልኩት። «እሰይ» አለ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ «ማለቴ፣ አይዞሽ» አለ። ወዲያው ደግሞ መላ መታ። «የአባትሽን እናውጣውና ያንቺን ብቻ እናድርግ። አጭር ነው፣ ከሩቅ ይነበባል፣ የዘመኑም እንዲህ ነው። እሳቸው ያርፋሉ፣ አንቺም ስምሽን አገኘሽ፣ እኔም ከጭቅጭቅ ወጣሁ።» ለሦስታችንም የሚበቃ ዕርቅ ነበር። እትዬ ኅዳግ ወዲያው ሠራችው። ስሜ በትልልቅ ፊደል፣ ብቻውን፣ በሽፋኑ አናት ላይ። አልዋሽዎትም፣ አምሮ ነበር። ይቆይ ብዬ ተውኩት። ለእርስዎም «እንዳሉት ሆኗል» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር።

በማግስቱ መጻሕፍት የሚያከፋፍለው ሰውዬ መጣ። ሸክሙን አውርዶ ላቡን እየጠረገ የእትዬ ኅዳግን ኮምፒውተር አየና «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለ። ምንም ክፋት አልነበረበትም፤ ግማሽ ስም ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው። እትዬ ኅዳግ «የራሷ ልጅ ናት» አለችው እየሳቀች። ሰውየውም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

የራሴ ልጅ አይደለሁም፣ አባዬ። ስታመም ጀርባዎ ላይ አዝለው ሐኪም ቤት ያደረሱኝ፣ «ሀ»ን በጣትዎ መዳፌ ላይ የጻፉልኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሻንጣዬን ተሸክመው አውቶቡሱ ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ ባርኔጣዎን አውልቀው የቆሙት እርስዎ ነዎት። አሁን ስምዎን አውጥቼ ብጥል፣ ተቆጥተው ያሉትን ቃል ፈጸምኩ እንጂ አከበርኩዎት አይባልም። የሰው ልጅ በሠራው ሥራ አባቱን ከደበቀ፣ ወይ በአባቱ አፍሯል ወይ በሥራው አፍሯል። እኔ በሁለቱም አላፍርም።

ሰውየው ሲወጣ እትዬ ኅዳግን «የአባቴን ስም መልሺልኝ» አልኳት።

«ደጄን እንዳትረግጪ ብለውሽ የለ እንዴ?» አለች።

«ብለዋል።»

«እና?»

«ደጁ የእሳቸው ነው፣ መከልከል ይችላሉ። ስሙን ግን ስወለድ ሰጥተውኛል፤ የተሰጠ ነገር አይነጠቅም» አልኳት። ትንሽ አየችኝና «አንቺስ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነሽ» አለች። ከዚያ ኅዳጓን ለካች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጓን ጣሰችና ሁለቱም ስም እኩል እንዲገጥም ፊደሉን ወደ ጠርዙ አስጠጋችው። አቶ ቶሎ መጥቶ ሲያየው «ረዘመ» አለ፤ «ይርዘም» አልነው ሁለታችንም።

ሽፋኑ ታትሟል። መጽሐፉ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ከመግባቱ በፊት ሱቅ ይደርሳል፤ ስለዚህ ይህን የምጽፍልዎ ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም። ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። ሽፋኑ ላይ ያቺ ሴትም አለች፤ ከንፈሯም ቀይ ነው። እንዲያደበዝዙት አልጠየቅኩም። የእኔ ትኬት ቆራጭ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ የወንድ ኮት የሚመስል የደንብ ልብስ ለብሳ፣ ቀኑን ሙሉ «ወደ ውስጥ ግቡ፣ መተላለፊያውን ልቀቁ» ስትል የምትውል ሴት ናት። ከንፈሯን የምትቀባው ለማንም አይደለም። ይህችን ሴት የሚንቅ ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ።

የመዝገብ ክፍሉን ነገር በተመለከተ ለድሮ ተማሪዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። አልመጣም። ሥራውን ንቄ አይደለም። እዚያ ብገባ ግን የሰው ፋይል ይዤ «ይህ ሰውዬ ለምን ሦስት ጊዜ መሥሪያ ቤት ቀየረ? ማንን ሸሽቶ ነው?» እያልኩ ጭራሽ ታሪክ ስፈጥርለት እውላለሁ፤ የተማሪዎም ስም አብሮ ይጠፋል። ቋሚ ሥራ ይሻልሻል ብለዋል። እኔ ገና ወጣት ነኝ፤ እግሬም ልቤም ያሳክከኛል። የሚያቆመኝ ነገር ሳገኝ እቆማለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ሆኛለሁ።

እማዬን እቅፍ አድርገው ይሳሙልኝ። ድመቷ ወለደች ወይስ አልወለደችም፣ ወሬውን ከግማሽ አቋርጣብኛለችና ትጨርስልኝ። ትንሹን ወንድሜን፣ እህቴ ደራሲ ናት እያለ ከክፍሉ ልጆች ጋር እንዳይወራረድ፣ ማንበቡን ግን መጀመር እንደሚችል ይንገሩልኝ። ለአክስቴ፣ የሬዲዮው ሰውዬ ያን ዜና አንባቢ በአካል እንደሚያውቀውና እሷ የምትሰድበውን ያህል ክፉ እንዳልሆነ፣ ከሚስቱ ጋር ደግሞ ዜና አንባቢው ራሱ ሁልጊዜ ክርክር እንደሚሸነፍ ያጫውቱልኝ። ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን አንድ ቅጂ እልክላታለሁ፤ ሽፋኑን ግን እንዳትገነጥለው አደራ።

ለእርስዎ፣ አባዬ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ ንዴትዎ ሲበርድ ደግሞ ቶሎ እንዲያነቡት። የዕረፍት ጊዜዬ ሲደርስ ወደ ቤት እመጣለሁ። ደጄን አትርገጪ ብለዋልና አልረግጥም፤ ከደጁ በመለስ ያለው ደረጃ ግን የመንገዱ ነው። እዚያ ላይ ተቀምጬ አራተኛውን መጽሐፍ እጀምራለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሲያልፍ ሲያገድም «ደህና ነሽ? ምን ትጽፊያለሽ?» ይለኛል፣ እኔም ለሁሉም አነብላቸዋለሁ። ድምፄ ትልቅ ነው፣ ከእርስዎ ነው የወረስኩት። በሩን ሲከፍቱ ቀና ብዬ፣ «አባዬ፣ እንደምን ዋሉ?» እልዎታለሁ።

ልጅዎ

ከቁልፍ ቀራጩ ሱቅ በላይ ካለው ክፍል፣
ሰኔ ፲፬ ቀን